አሳዬ ታመመብኝ፣ ቴትራሳይክሊን ልጨምርበት?

የዚህን ወር ደብዳቤዎች ሳነብ ሰዉ ተነጋግሮ የጻፈልኝ ነው የመሰለኝ፣ ከአዘዞም ከፒያሳም ከማራኪም የመጣው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ አሳዬ ታሟል፣ ፋርማሲ ሄጄ ካፕሱል ገዝቻለሁ፣ ስንት ልጨምር? የድመትና የውሻ ጥያቄ የላካችሁልኝ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለሚቀጥለው ወር አቆይቼላችኋለሁ፣ ዛሬ ገጹ በሙሉ የአሳ ነው። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፣ ጎንደር ላይ ለአመታት አሳ ሳረባ ካየሁትና ካነበብኩት ነው የምመልሰው፣ ሐኪም የሚያስፈልግበት ቦታ ሲደርስ ሐኪም ጋ ሂዱ ብዬ በግልጽ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ 60 ሊትር አኳሪየም አለኝ፣ 4 ጎልድፊሽና ጥቂት ጉፒዎች ነበሩበት። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ 3 አዳዲስ ጎልድፊሽ አስመጣሁ። በሶስተኛው ቀን የአንዱ አፍ ዙሪያ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጣበት፣ ፈንገስ ነው ሙቀቱን 29 አድርጊው አሉኝ፣ አደረግኩት፣ በማግስቱ 2 ሞቱ። ከዛ 4 ካፕሱል ቴትራሳይክሊን ፈታሁበት፣ ውሃው ቢጫ ሆነ፣ አሁን ደሞ ወደ ቡናማ ሄዷል አረፋም ሰርቷል፣ የቀሩት አሳዎች ላይ ላዩን አየር እየሳቡ ነው። ልጄ እያለቀሰች ነው ምን ላድርግ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እህት አለም፣ መጀመሪያ አሁኑኑ የምታደርጊውን ልንገርሽ፣ ማብራሪያው ይቆየን። የውሃውን ግማሽ አውጪና በሮቶ ወይ በጀሪካን ቢያንስ አንድ ቀን ያደረ ውሃ ተኪበት፣ ሙቀቱ ገንዳው ውስጥ ካለው ጋር እንዲቀራረብ ትንሽ ሙቅ ውሃ ቀላቅይበት። ኤር ፓምፑን፣ ሰው ኦክስጅን ማሽን የሚለውን፣ እስከ መጨረሻው ክፈችው፣ ሁለተኛ ካለሽ እሱንም ጨምሪ። ሂተሩን ደሞ ቀንሺው፣ ግን በአንዴ አይደለም፣ በየ3 እና በየ4 ሰአቱ 1 ዲግሪ እያልሽ ወደ 23 አውርጂው። ለ2 ቀን ምግብ አትስጪ፣ አይሞቱም፣ የታመመ አሳ የማይበላው ምግብ ውሃውን ከማበላሸት ውጪ ጥቅም የለውም።

ከዛ ጨው። በ1 ሊትር 2 ግራም ሂሳብ ለ60 ሊትር 120 ግራም ይሆናል፣ ሚዛን ከሌለሽ 7 የሾርባ ማንኪያ አካባቢ ነው። በጆግ አሟሚና በ3 ጊዜ ከፍለሽ በአንድ ቀን ውስጥ ጨምሪው። ያለኝ አዮዲን ያለበት የወጥ ጨው ነው ብለሽ አትጨነቂ፣ አዮዲኑ በጣም ትንሽ ነው፣ ቅመም የገባበት ብቻ አይሁን። ጎልድፊሽና ጉፒ ይሄን ጨው በደንብ ይችሉታል፣ እንደ ኮሪዶራስ ያሉ ከስር ስር የሚሄዱ አሳዎችና ተክሎች ግን አይወዱትም። ደሞ ጨው እንደ ውሃ አይተንም፣ ስለዚህ ውሃ ስትቀይሪ ላወጣሽው ውሃ ያህል ብቻ ነው መልሰሽ የምትጨምሪው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል በየቀኑ እየጨመረ ገንዳውን ባህር ያደርገዋል።

አሁን ወደ በሽታው። አፉ ዙሪያ ያየሽው ነጭ ነገር እንዳጻጻፍሽ ፈንገስ አይመስለኝም፣ ኮለምናሪስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው፣ ባክቴሪያው ሙሉ ስሙ ፍላቮባክቴሪየም ኮለምናሬ ይባላል። ጥጥ የሚመስለው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀጫጭንና ረጃጅም ባክቴሪያዎች እንደ ክምር ተደራርበው አምድ ሰርተው ነው፣ ስሙም ከዚሁ አምድ ከሚለው ነው የመጣው። እውነተኛው ፈንገስ እንደ ሻጋታ ፀጉር አውጥቶ ይቆማል፣ ብዙ ጊዜ የቆሰለ ቦታ ላይ ነው የሚይዘው፣ ቀስ ብሎም ነው የሚሄደው። ኮለምናሪስ ግን ወደ ግራጫ ያደላ ሆኖ ተለጥፎ ነው የሚታየው፣ ጠርዙ ቢጫ ወይ ቀላ ይላል፣ ከአፍ ይጀምራል፣ አንዳንዴ ደሞ ልክ ኮርቻ እንደተጫነ ፈረስ ጀርባውን አቋርጦ ይወጣል፣ ስንጥቡ፣ የሚተነፍስበት አካሉ ማለት ነው፣ ውስጥ ከገባ ደሞ ከውጪ ምንም ሳይታይ አሳው ይሞታል። ሲብስ በ1 እና በ2 ቀን ነው የሚጨርሰው፣ ያንቺ ጋ የሆነውም ይሄው ነው።

ሙቀት ጨምሪ ያለሽ ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፣ ምክሩ የሌላ በሽታ ምክር ሆኖ ነው። አሳው ላይ ጨው የተነሰነሰ የመሰለ ነጫጭ ነጠብጣብ ሲወጣ እሱ ኢክ የሚባለው ጥገኛ ተባይ ነው፣ እሱ ላይ ሙቀት ሲጨመር የተባዩ ዕድገት ይፈጥንና ከአሳው ቶሎ ለቆ ውሃው ውስጥ ሲወጣ መድኃኒቱ ያገኘዋል። ኮለምናሪስ ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚመቸው ነገር ነው፣ 29 ስታደርጊው እሳት ላይ ቤንዚን ነው የሆነው። ሙቅ ውሃ ደሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው፣ እኛ ደሞ ከ2100 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባህር ጠለል ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚያንስ ውሃው መያዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዛው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ላይ ባህር ዳርቻ ያለ ሰው ገንዳ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ሲይዝ የኛው 6 ትንሽ ፈሪ ነው። ስለዚህ ከኢንተርኔት የምናነበው የኤር ፓምፕ ምክር ሁሉ ጎንደር ላይ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ነው መወሰድ ያለበት።

ቴትራሳይክሊኑስ? መድኃኒትነቱ እውነት ነው፣ የሱ ወንድም ኦክሲቴትራሳይክሊን በአሳ እርባታ ላይ ከምግብ ጋር ተደባልቆ ይሰጣል። ችግሩ ውሃ ውስጥ ሲበተን ነው። ውሃው ጠጣር ከሆነ፣ ማዕድን የበዛበት ማለት ነው፣ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል፣ ብርሃን ደሞ ይሰባብረዋል፣ ያየሽው ቡናማ ቀለም መድኃኒቱ የተበላሸበት ምልክት ነው። በዛ ላይ ፊልተሩ ውስጥ ያሉትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ሊጎዳቸው ይችላል፣ እነሱ ሲሞቱ አሞኒያ የሚባለው ከአሳው የሚወጣ መርዝ ይጠራቀማል፣ አሳዎችሽ ላይ ላዩን የሚሉት ከበሽታው ይልቅ ከዚህ ሊሆን ይችላል። እኔ ከአመታት በፊት ለአንድ ጉፒ ክንፍ ብዬ ሙሉ ገንዳ ላይ ካፕሱል ፈታሁ፣ ክንፉ የተበላው አሳ ተረፈ ጤነኞቹ 5 ግን በሳምንቱ አለቁ፣ አሁንም ሳስታውሰው ይቆጨኛል፣ ለዛ ነው በዚህ ጉዳይ እንዲህ የምለፈልፈው።

መድኃኒት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በ2 ቀን ውስጥ ካልቆመ፣ ወይ ሰውነቱ ላይ ቀይ ቁስል ከታየ፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንዳለው አትርሺ፣ ከተማችን ውስጥ ያለ ትልቅ ነገር ነው። ስትሄጂ በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪ፣ አሁን የሞተ አሳ ካለ በፌስታል አድርገሽ በረዶ ላይ ያዢው ፍሪዘር ውስጥ ግን አታስገቢው ሥጋው ይበላሽና ምርመራ አይሆንም፣ የገንዳውንም ውሃ ለብቻው በጠርሙስ ያዢ። ትላንት የሞተ አሳ ምንም አይነግራቸውም። አንድ ነገር ደሞ ልጨምር፣ 60 ሊትር ለ7 ጎልድፊሽ በጣም ጠባብ ነው፣ ጎልድፊሽ ሲያድግ ከመዳፍ ይበልጣል፣ ሽንቱም ብዙ ነው። ልጅሽን ሳሚልኝ፣ የተረፉት ይድናሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ካፌ አለኝ፣ መግቢያው ላይ 200 ሊትር አኳሪየም አድርጌያለሁ ደንበኛ በጣም ይወደዋል። በየ2 ሳምንቱ እሁድ ልጆቹ አሳውን በባልዲ አውጥተው ገንዳውን ጠጠሩን ፊልተሩን ሁሉ በፈሳሽ ሳሙና ጥርት አድርገው ያጥቡታል። ግን ሁሌ ከታጠበ በ3 በ4 ቀኑ የአሳዎቹ ክንፍ መበላት ይጀምራል፣ ጫፉ ነጭ ይሆናል ይተለተላል። ውሃው ላይ ያለው ክሎሪን ነው ወይስ ምግቡ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያሳመማቸው እጥበቱ ነው። ይሄን ስልህ ልጆቹን እንዳትቆጣቸው፣ ንጹህ ነገር ጤና ነው ብለን ነው ሁላችንም ያደግነው፣ አሳ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

አሳ የሚበላው ምግብ መጨረሻው አሞኒያ ነው፣ አብዛኛው በስንጥቡ ይወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። ፊልተርህ ስፖንጅ ላይና ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይሄን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፣ ናይትራይቱም መርዝ ነው፣ ከዛ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፣ እሱ በመጠኑ ብዙም አይጎዳም፣ ውሃ ስትቀይር ይወጣልሃል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተረጋግተው ለመኖር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። አንተ ጋ በየ2 ሳምንቱ በሳሙና ይታጠባሉ፣ ማለት ገንዳህ አንድም ቀን ጎልምሶ አያውቅም። አሳዎችህ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ቤት ነው የሚገቡት፣ መርዝ ያለበት አዲስ ቤት።

ክንፍ የሚበሉት ኤሮሞናስና ሱዶሞናስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ማለት ነው፣ እነሱ ደሞ ከየትም አልመጡም፣ በየትኛውም ጤነኛ ገንዳ ውስጥ ሁሌም አሉ። ጤነኛ አሳ ቆዳው ላይ ያለው ልጋግ ይከላከልለታል። አሞኒያ ያንን ልጋግና ስንጥቡን ሲያቃጥለው ነው በር የሚከፈትላቸው። ስለዚህ ባክቴሪያውን ለመግደል መድኃኒት ብትገዛ በሩ ክፍት እንደሆነ ነው፣ ነገ ተመልሶ ይገባል። የአሞኒያ መጥፎነቱ ደሞ ፒኤች፣ የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይብሳል፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዘኛው ግማሽ ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ 8 ላይ ግን 5 ፐርሰንት ያህል ይሆናል፣ አስር እጥፍ በለው። ሁለት ሰው አንድ አይነት ስህተት ሰርቶ የአንዱ አሳ ተርፎ የሌላው የሚያልቀው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ፤ በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ብቻ ቀይር፣ 50 ሊትር ማለት ነው። ጠጠሩን ሳታወጣ በላስቲክ ቱቦ ቆሻሻውን እየሳብክ። ፊልተሩ ሲደፈን ስፖንጁን ካወጣኸው የገንዳው ውሃ ውስጥ፣ ባልዲ ላይ፣ 2 እና 3 ጊዜ ጭመቀውና መልሰው፣ ቧንቧ ስር አይደለም፣ የቧንቧ ክሎሪን ውሃው ውስጥ ያለውን የሰው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ እንደሚገድለው የስፖንጁንም ይገድላል። ቡናማ ሆኖ ቢቀር ተወው፣ ቡናማነቱ ነው የሚጠቅምህ። ሳሙና የሚባል ነገር ባልዲው ላይም አይነካ፣ የአሳ ባልዲ ለብቻው ይሁን ምልክት አድርግበት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣልን መሆኑ በዚህ በኩል እንደውም ጠቅሞናል፣ በሮቶ የቆየ ውሃ ክሎሪኑ ብዙ ጊዜ ሄዷል፣ ያልቆየ ከሆነ ክዳኑን ከፍተህ በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን አሳድረው። የሌሊቱ ብርድ ግን የሮቶ ውሃ በጠዋት በረዶ ያደርገዋል እንደዛው አትገልብጠው።

አሁን ክንፋቸው ለተበላው፣ አሞኒያና ናይትራይት የሚለካ ቴስት ኪት አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው አስመጣ፣ ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። እስኪመጣ ድረስ በየቀኑ ሩብ ሩቡን ቀይር ምግቡን በግማሽ ቀንስ። ክንፍ እኮ መልሶ ይበቅላል፣ ጠርዙ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነገር ካየህ እሱ አዲሱ ክንፍ ነው፣ በሽታ መስሎህ እንዳትደነግጥ። መበላቱ የክንፉ ስር ደርሶ ሰውነቱን ከነካ ግን ወደ ሐኪም።

መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ ብለህ ከደብዳቤህ ጫፍ ላይ ጽፈሃል፤ በፓወር ባንክ የሚሰራ ትንሽ ኤር ፓምፕ ግዛ፣ እሱ ከሌለ በጆግ ውሃውን እየቀዳህ ከከፍታ መልሰህ አፍስስበት፣ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሙቀቱ እንዳይወርድ። ፊልተሩ ብዙ ሰአት ተዘግቶ ከቆየ ስፖንጁን መጀመሪያ በገንዳ ውሃ አለቅልቀህ ነው የምታበራው፣ ውስጡ የታመቀው መጥፎ ውሃ አንዴ እንዳይለቀቅባቸው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የልጅ ልጄ ወደ ውጭ ሲሄድ ጎልድፊሹን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ፣ 4 አመት አብሮኝ ኖሯል። አሁን ሆዱ አብጦ ቅርፊቱ ሁሉ ተነስቶ ቆሟል፣ አይኑም ወጣ ወጣ ብሏል፣ ከታች ተቀምጦ አይበላም። ይድናል ወይ? እውነቱን ንገረኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ስለጠየቁኝ እውነቱን ልንገርዎት፣ ቅርፊቱ እንዲህ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ የሚድነው አሳ ጥቂት ነው። ይሄ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፣ ኩላሊቱ ውሃ ማስወጣት ሲያቅተው የሚመጣ ምልክት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከስሩ ኤሮሞናስ የመሰለ ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ገብቶ አለ።

ሊሞክሩለት ከፈለጉ ለብቻው በንጹህ ውሃ ያድርጉት፣ ከፋርማሲ ማግኒዚየም ሰልፌት ይግዙና በ20 ሊትር 1 የሻይ ማንኪያ አሟሙተው ይጨምሩለት፣ የወጥ ጨው ሳይሆን ማግኒዚየም ሰልፌት፣ የተጠራቀመውን ውሃ ትንሽ ሊያወጣለት ይችላል። የሚበላ ከሆነ ሐኪም ምግብ ላይ የሚደባለቅ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል፣ የማይበላ ከሆነ ግን ነገሩ ከባድ ነው። በ4 እና በ5 ቀን ካልቀለለው፣ ጎኑ ላይ ከወደቀ፣ እንዲሰቃይ አይተዉት። የቅርንፉድ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ሞቅ ባለ ውሃ በደንብ ተመትቶ፣ በ1 ሊትር ውሃ 10 ጠብታ ሂሳብ ሆኖ አሳው ሲገባበት እንቅልፍ ወስዶት ነው የሚሄደው። ስንጥቡ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ እዛው ይቆይ። 4 አመት በደንብ ነው የያዙት፣ ለልጁም እንደዛው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ አኳሪየም ሳጸዳ ጣቴን ጠጠር ቧጥጦኝ ነበር። ከወር በኋላ እዛው ቦታ ላይ እባጭ ወጣ፣ አያምም ግን አይድንም፣ አሁን ደሞ ክንዴ ላይ ወደ ላይ 2 ሌላ ወጥቷል። ሰው ቁንጭር ነው ይለኛል። አንድ አሳዬም ከስቶ ከስቶ ጀርባው ጎብጦ ሞቷል። ግንኙነት አለው? (ከማራኪ)

መልስ፦ ሊኖረው ይችላል፣ እባክህ ይሄን ሳምንት ሳያልፍ ሆስፒታል ሂድ። አሳ ላይ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ አለ፣ በ1926 ነው አሜሪካ ፊላደልፊያ አኳሪየም ውስጥ ከሞቱ አሳዎች ላይ የተለየው። አሳውን ቀስ እያለ ያከሳዋል፣ ጀርባውን ያጎብጠዋል፣ ቁስል ያወጣል፣ መድኃኒት ይህ ነው የሚባል የለውም። ሰው ላይ በቁስል በኩል ይገባል፣ ከሳምንታት እስከ ወራት ቆይቶ ነው እባጩ የሚወጣው፣ 30 ዲግሪ አካባቢ ስለሚመቸው እጅና ክንድ ላይ ነው የሚቀረው፣ ውስጥ ሰውነታችን ይሞቅበታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ብለህ ቤተሰብህን አረጋጋ።

እኛ አካባቢ ግን ቁንጭርም በእውነት አለ፣ መልኩም ይመሳሰላል፣ እሱም እንዲሁ ክንድን ተከትሎ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱ የሚታከሙት በተለያየ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ ሳይጠይቅህ ቀድመህ አሳ አለኝ፣ ገንዳ ሳጸዳ ተቧጥጬ ነበር በለው፣ ያቺ አንዲት አረፍተ ነገር ወራት ታሳጥርልሃለች፣ ካልነገርከው በምን ያውቃል። የአሳው ከሆነ ሕክምናው በአንቲባዮቲክ ነው፣ ለወራት ይሰጣል፣ ይድናል፣ ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጠው። እስከዛ እጅህን ገንዳ ውስጥ አታስገባ። ከዚህ በኋላም እጁ የቆሰለ ሰው ረጅም ጓንት ያድርግ፣ ውሃ በአፉ በቱቦ የሚስብ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይተው። መረቡንና ዕቃውን በበረኪና ብቻ አትመን፣ ይሄ ዘር በረኪናን ይቋቋማል፣ 70 ፐርሰንት አልኮል ይሻላል ከዛ ፀሐይ ላይ ጥርት ብሎ ይድረቅ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን አለኝ፣ ለአሳ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። አሳ የሚያሳምሙት አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉት ናቸው፣ አሞክሲሲሊን በነሱ ላይ ብዙም አይሰራም፣ ኤሮሞናስ ደሞ ከተፈጥሮው ይቋቋመዋል። ውሃው ውስጥ ያሉትን ሌሎች ባክቴሪያዎች ግን ታለማምዳቸዋለህ፣ ያ ውሃ መጨረሻው ደጅ ነው የሚደፋው፣ ነገ ልጅ ሲታመም የሚፈለገው እኮ ያው መድኃኒት ነው። የተረፈውን ለፋርማሲው መልስ።

ጥያቄ፦ አሳዎቼ ታመው አልድን አሉኝ፣ ከምገድላቸው ቀሃ ወንዝ ብለቃቸውስ? በነሱ ፈንታ ከጎርጎራ ትንንሽ ቆሮሶ (ቲላፒያ) አምጥቼ ላስገባ ብዬ ነበር።

መልስ፦ ልብህ ደግ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ግን እንዳታደርገው። ቀሃም አንገረብም መጨረሻቸው መገጭ ነው፣ መገጭ ደሞ ጣና። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ የነጭ አሳ ዘሮች አሉ፣ አሳ አጥማጁም እንጀራው እዛ ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ አሳ ከነበሽታው ወደዛ መንገድ ማስያዝ ትልቅ ጥፋት ነው። የገንዳውን ውሃ ራሱ ወንዝ ውስጥ አትድፋ፣ ጨው ካልገባበት አትክልት ላይ ድፋው፣ ገብቶበት ከሆነ ሽንት ቤት። ቆሮሶውም ቢሆን ከሐይቅ ተይዞ ሲመጣ ጥገኛ ተባይ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ሲያድግ ደሞ ከገንዳህ ይበልጣል፣ የሚጣላም አሳ ነው። ጎርጎራ ሄደህ እዛው እየው፣ እዛው ነው የሚያምረው።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ከአዲስ አበባም ከውጭም ዘመድ ይመጣብናል፣ ሳሎኑን እያደስን ነው። ጥር መግቢያ ላይ አዲስ አኳሪየም ከነአሳው ገዝተን ለበዓሉ እናድርሰው ብለናል። እንዳይታመሙብን ምን መድኃኒት ቀድመን እንጨምር? (ከአራዳ)

መልስ፦ ምንም መድኃኒት አትጨምሩ፣ ቀኑን ነው የምትቀይሩት። ጥር መግቢያ ተገዝቶ ጥር 11 እንግዳ ፊት የሚቀመጥ ገንዳ አሞኒያው ከፍ ያለበት ሳምንት ላይ ነው በዓሉ የሚውለው፣ አሳው እንግዳ ፊት ነው የሚታመመው። ገንዳውን ህዳር መጨረሻ ላይ ግዙ፣ ውሃ ሙሉና ፊልተርና ሂተሩን አስነሱ፣ አሳ ሳይገባበት በየቀኑ ቁንጥር የአሳ ምግብ ጣል አድርጉበት፣ እሱ በስብሶ አሞኒያ ይሆንና ባክቴሪያዎቹን ይመግባቸዋል። የቆየ ጤነኛ አኳሪየም ያለው ጓደኛ ካላችሁ ካገለገለ ስፖንጁ ቁራጭ ለምኑት፣ እርጥብ እንደሆነ አምጥታችሁ ፊልተራችሁ ውስጥ ክተቱት፣ ጊዜውን በጣም ያሳጥርላችኋል።

አሳው ሲመጣ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፣ አሳው ያን ሁሉ ሰአት በፌስታል ውስጥ ሽንቱ ላይ ነው የሚተነፍሰው። ፌስታሉ ታስሮ ሳለ ከትንፋሹ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን ዝቅ ስለሚያደርገው አሞኒያው ብዙ አይጎዳም፣ ፌስታሉ በተከፈተ ቅጽበት ግን ጋዙ ይወጣል ፒኤቹ ይነሳል ያው አሞኒያ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ረጅም መንገድ ለመጣ አሳ ፌስታሉን ሳትከፍቱ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፉት ሙቀቱ እንዲስተካከል፣ ከዛ ከፍታችሁ ወዲያው አሳውን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡት፣ የፌስታሉ ውሃ ጠብታም ወደ ገንዳ አይግባ።

አሳ ያለበት ገንዳ ላይ አዲስ አሳ የምትጨምሩ ከሆነማ ቀጥታ እንዳታስገቡት። 20 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ሳጥንና ትንሽ ስፖንጅ ፊልተር ይበቃል፣ የራሱ መረብ ይኑረው፣ 4 ሳምንት እዛ ይቆይ። የአዘዞዋ እህታችን አንድ ሳጥን ቢኖራት 3ቱ ብቻ ነበሩ የሚታመሙት። እየበላ እየዋኘ ክንፉን ዘርግቶ ካያችሁት በ4 ሳምንቱ ወደ ዋናው ይግባ። ሁልጊዜ ጤነኞቹን መጀመሪያ፣ ለብቻ ያለውን በኋላ አጽዱ፣ እጃችሁን በመሃል ታጠቡ።

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደርሶኝ ከሆነና ህዳር ካለፈ አትጨነቂ፣ ገንዳውን በጠጠርና በተክል በመብራት አሳምሪውና ለጥምቀት እንዲሁ ባዶውን ይታይ፣ ውሃውም እየጎለመሰ ይቆያል፣ አሳዎቹን ለፋሲካ አስገቢ፣ መጀመሪያ 2 ወይ 3 ትንንሽ ብቻ።